በደንበኛ ደጅ

"ስንት ነው?" አለች ጠይባ፣ ትኩሱን የገብስ ቂጣ እንደተቀበለች።

ቂጣውን የሰጠቻት የገበሬ ሚስት ደጇ ላይ ክው አለች። "ምኑ?"

"ቂጣው ነዋ! ዝም ብለሽ ልትሰጪኝ ነው?"

የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን በእግሩ ለሚሄድ ዘያሪ ቁራሽ መስጠት በረካ ነው፤ ጠይባ ደግሞ በረካውን ልትገዛው ነው። የመንገድ ጓደኛዋ ለሊሴ ከኋላ ደረሰች። ባላ ያለውን የዘያሪ በትሯን ተደግፋ ምርቃቱን በኦሮምኛ ታወርደው ጀመር፤ ለልጆቹ፣ ለላሞቹ፣ ለማሳው ሁሉ መረቀች። ሴትዮዋ ፈገግ ስትል ለሊሴ ጠይባን ክንዷን ይዛ ከግቢው አወጣቻት።

"አንቺ ሰው፣ ሱቅሽን ተሸክመሽ ነው እንዴ የመጣሽው?"

"አመሌ ነው፣ ምን ላድርግ?"

"አመልሽን አሰላ ቆልፈሽበት አትመጪም ነበር?"

ጠይባ አሰላ ላይ ጨርቅ በጅምላ ትሸጣለች። ከበቆጂ እስከ ሮቤ ያለ ቸርቻሪ የሚያወርደው ከእሷ ነው። ሰው ደጅ ቆሞ መለመን ይቅርና፣ ሰርግ ቤት ትን ብሏት እንኳ ውሃ ስጡኝ አትልም። ልጇ ጅብሪል ከነአይሱዙው ተገልብጦ ራሱን ስቶ የተኛ ጊዜ ግን ተሳለች፤ "ያ አላህ፣ ልጄን አንሳልኝ እንጂ እስከ ድሬ በእግሬ እሄዳለሁ፤ በመንገዴም የሰጡኝን እንጂ የገዛሁትን አልቀምስም" ብላ። ጅብሪል ተነሳ። ቅቤ ነጋዴዋ ለሊሴ፣ የልጅነት ጓደኛዋ፣ አብረን እንሂድ ስትባል አላንገራገረችም።

ችግሩ፣ ከአሰላ ከወጡ ጀምሮ የምትለምነው ለሊሴ ብቻ ናት። ጠይባ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባ አጥር ጥግ እንደ ዘበኛ ትገተራለች። ዛሬ ገና መሞከሯ ነበር፤ ሞክራም ዋጋ ጠየቀች።

ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ቂጣውን ተካፈሉ።

"እኔ አይሆንልኝም" አለች ጠይባ። "የለመድኩት መስጠት ነው።"

ለሊሴ ማኘኳን አቆመች። "እሱንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?"

"ምን ለማለት ነው?"

"ለዒድ ቅቤ ይዤልሽ ስመጣ፣ ስጦታ ነው እያልኩሽ፣ ሳይመሽ ዋጋውን ትልኪልኛለሽ። ያውም ጨምረሽበት! አንድ ቀን እንኳ ከእጄ በነፃ ወስደሽ አታውቂም። እኔ ግን ያንቺን ቀሚስ እየለበስኩ አረጀሁ።"

"አስቤልሽ እኮ ነው፣ ለሊሴ!"

"ብታስቢልኝማ ኖሮ ትበይልኝ ነበር።"

ገበያ ውስጥ ጠይባን በነገር የረታ የለም። አሁን ግን ቂጣውን አንገቷን ደፍታ በላች።

ሮቤ መግቢያ ላይ ሲደርሱ አንድ ነጭ ፒካፕ አቧራውን አስነስቶ አጠገባቸው ቆመ። ጅብሪል እያነከሰ ወረደ።

"እማዬ፣ በቃ ግቢ! ሰው ፎቶሽን አንስቶ ላከልኝ።"

"አምሮብኛል?"

"አልቀለድኩም! በትር ይዘሽ የሰው አጥር ጥግ ቆመሻል። ሮቤ ውስጥ ደንበኛ ያልሆነን አለ? ደንበኛችን ቱሳ ቢያይሽ ምን ይላል? ጠይባ ከሰረች ብሎ ነው የሚያወራው።"

"ስለት ነው፣ ልጄ።"

"ስለቱን ማን ከለከለሽ? ድሬ በር ላይ እኔ ራሴ አወርድሻለሁ። አዴ ለሊሴ፣ እርስዎም ይግቡ፤ ከኋላ ቦታ አለ።"

"ጉልበቴን ብትጠይቀው እሺ ይልህ ነበር" አለች ለሊሴ እየሳቀች። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። "ከፈለግሽ ግቢ፣ አልቀየምሽም። እኔ በእግሬ እቀጥላለሁ። ብቻ እዚያ ስትደርሺ፣ ለሊሴ ወደኋላ ቀርታለች ብለሽ ቦታ ያዥልኝ።"

ጅብሪል የመኪናውን በር ከፍቶ ያዘ። መቀመጫው ላይ የሚመች ትራስ ተነጥፎበታል። ጠይባ አየችው፤ እግሯም አየው። በመሃል ግን ዓይኗ ልጇ የሚያነክስበት እግር ላይ አረፈ።

"ሆስፒታል የተኛህ ጊዜ ገንዘብ አልጎደለኝም" አለች። "ዶክተሩ፣ እኛ የምንችለውን አድርገናል፣ እናንተ ዱኣ አድርጉ ነው ያለኝ። ኮሪደሩ ላይ ሰው እያየኝ ተንበርክኬ ለመንኩ። ያኔ አላፈርኩም። ዛሬ ቆመህ ስትሄድ አንተ ታፍርልኛለህ?"

"እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ቱሳ ቤቱ ያ አረንጓዴው በር አይደል?"

"ምን ልታደርጊ?"

ጠይባ ሻርፗን ከቅንድቧ ላይ ወደ ኋላ ገፋችው፤ የሮቤ ሰው ፊቷን በደንብ ይየው እንጂ! ለሊሴ እንደ ወትሮዋ ቀድማ ልታንኳኳ ስትል፣ "አንቺ ከኋላ ቁሚ" አለቻትና በሩን በበትሯ መታችው።

የከፈተው ቱሳ ራሱ ነበር። በትሯን አየ፤ አቧራ የለበሰ ጫማዋን አየ።

"አዴ ጠይባ! ምን ሆኑ? ሱቁ ደህና ነው?"

"ሱቁ ደህና ነው።"

"ይግቡ እንጂ! ኧረ ይግቡ!"

"አልገባም፣ ቱሳ። ዘያሪ ነኝ።" የጎረቤቱ ግቢ ዘበኛ እንኳ ቀና ብሎ ያያት ጀመር። እጆቿን ግን ዘረጋች። "ለሼህ ሁሴን ብለህ ከምትበላው ስጠኝ።"

ቱሳ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

"ገንዘብ አይደለም። የሚበላ ነው የምልህ።"

ሰውዬው እየተደናገጠ ገባ። ጅብሪል መሃል መንገድ ላይ፣ የመኪናው በር እንደተከፈተ፣ ተተክሎ ቀርቷል። ቱሳ በሳህን ዳቦ ይዞ ሲመለስ ጠይባ በሁለት እጇ ተቀበለች። ለልጆቹም ለንግዱም እያወላገደች መረቀች፤ ለሊሴ ከኋላ "አሚን" አለች።

ጠይባ ሳህኑን አየች፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። ከበሩ ግን አልተነቃነቀችም።

"ቱሳ፣ እዚያ የቆመው ልጄ ነው" አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ምሳ አልበላም። ለእሱም ጨምርልኝ።"