ማስመሪያው ያልደረሰበት ሸለቆ

በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ሦስት ነጥቦች ነበሩ። የጡረተኛው የመንገድ ቀያሽ ሚስት ለካንሰሯ የመጀመሪያውን ዙር መድኃኒት በወሰደችበት ቀን ነጭ የደም ሴሏ 5,400 ነበር። በአምስተኛው ቀን 3,600፣ በአሥረኛው 1,350። ቀያሹ ማስመሪያውን ቢያጋድም ሦስቱም ነጥቦች ላይ ልክክ አለ።

መስመሩን በእርሳስ ወደ ታች ቀጠለው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ዜሮ።

ሠላሳ ዓመት ሲቀይስ፣ አንድ መስመር ላይ ያረፉ ሦስት ነጥቦች ዋሽተውት አያውቁም። ወረቀቱን ገንጥሎ ኪሱ ከተተ። ለሚስቱ ምንም አልነገራትም፤ ከአልጋዋ ሁለት ሜትር ለክቶ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረ።

«ጀርም እንዳይዝሽ፣ ከዚህ ማንም አያልፍም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሻይዬን በምን ልታቀብለኝ ነው? በወንጭፍ?» አለች።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። ነርሷ ገና ሲገባ ደነገጠች።

«አባባ፣ አተኮሳት እንዴ?»

«የለም፣ 36.8 ነው። ግን ሲስተር፣ ከሦስት ቀን በኋላ ነጭ ሴሏ ማለቁ ነው።»

መስመሩን አይታ ሳቋ አመለጣት። «ይቅርታ አባባ፣ በእርስዎ አይደለም የምስቀው።»

«ታዲያ በማን ነው?»

«በማስመሪያዎ!» ወንበር ሳበችለት። «ነጭ ሴል የሚሠራው መቅኒ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ እግረ መንገዱን መቅኒውንም ያደክመዋል። ያሉት ሲያልቁ ቶሎ የሚተካ ስለሌለ ቁጥሩ ይወርዳል፤ መቅኒው ሲያገግም ይወጣል። በዚህ ሰሞን ዝቅ ማለቱን ስንጠብቀው ነበር። እርስዎስ ሲቀይሱ ሸለቆ አልገጠመዎትም?»

«ስንቱ!»

«ታዲያ ቁልቁለቱን ይዘው ምድር ውስጥ ገቡ?»

ወረፋ የያዙት ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ ሳቀ። እሷ ግን ቀጠለች፦ «እጃችሁን ታጠቡ፣ ጉንፋን የያዘው አይጠጋት። ሙቀቷ 38 ከደረሰ በማንኛውም ሰዓት ይዘዋት ይምጡ።»

«ሁለተኛው ዙርስ?»

«በሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። ከነጮቹ መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት፣ ጀርም የሚዋጉት፣ 1,500 መሙላት አለባቸው። ካልሞሉ እናዘገየዋለን።»

ቤት ሲደርስ ተንበርክኮ መስመሩን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለው።

«ድንበሩ ፈረሰ?»

«ፈረሰ። ቀያሹ ተሳስቷል።»

«እስቲ ድገመው! አርባ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው።» ሁሉንም ሲነግራት ግን እጁን ያዘች። «ሁለተኛ ብቻህን እንዳትፈራ።»

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ውጤቱ 1,280 ሆነ። «ዜሮ አይደለም!» ብሎ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ሲዘል፣ እሷ «ቀስ በል፣ ሁለት በሽተኛ ማን ሊያስታምም ነው?» አለችው። በአሥራ ሰባተኛው ቀን 2,300።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ጠዋት እጅ ለእጅ ተያይዘው የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነርሷ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ እያውለበለበች መጣች። ነጭ የደም ሴል 4,700፤ ኒውትሮፊል 2,640። ሁለተኛው ዙር በቀጠሮው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ተጀመረ።