በእህቷ ስም “መጣሁ” ያለችው

ሥራዬ መጥራት ነው። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲታመም ወይም ከሩቅ ተጎሳቁሎ ሲመለስ በእምነታችን ካሉት ሠላሳ ሁለት ነፍሶቹ አንዳንዶቹ ጥለውት ይሄዳሉ። እኔ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝና ትንሽ ሩዝ በትሪ አድርጌ ከጫካውም ከወንዙም እጠራቸዋለሁ፤ ሲመለሱም እንዳይሄዱ የታማሚውን የእጅ አንጓ በነጭ ክር አስራለሁ። በፓያው ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች “ናን ሙን” ካሉ እኔን ማለታቸው ነው። ድምፄ ሻካራ ነው፣ ጠባዬም ከድምፄ አይሻልም፤ ቢሆንም ይፈልጉኛል።

በዚያ በክፉው በሽታ ዘመን ግን ሥራዬ አንገፈገፈኝ። ዛሬ የጠራሁለትን ወጣት በሳምንቱ አስከሬኑን እናቃጥላለን። መድኃኒት አለ ይባላል፣ እኛ ዘንድ ግን አይደርስም። የእህቴ ልጅ ሴንግላ ባሏን በዚሁ በሽታ ካጣች በኋላ ራሷም ትከሳ ጀመር። አፏ በነጭ ቁስል ተሞላ፤ ታናሿ ቡዋቶንግ ሩዙን እያላመች እንደ ሕፃን ታጎርሳታለች። እናታቸው ስለሞተች ለሁለቱም ያለኋቸው እኔ ነኝ።

ነፍስ ሲጠራ ታማሚው “መጣሁ” ማለት አለበት። መናገር ካቃተው የቅርብ ዘመድ ክንዱን ይዞ በእሱ ስም ይመልስለታል፤ ወጋችን ነው። “መጣሁ” ካልተባለ ክር አይታሰርም። እኔ “ሴንግላ ሆይ፣ ከገደሉ ነይ፣ ከሰው ቤት ነይ!” ስል ቡዋቶንግ የእህቷን ክንድ ይዛ “መጣሁ!” ትላለች። ጩኸቷ ደግሞ ለጉድ ነው።

“ቀስ በይ እንጂ! የጎረቤቱንም ነፍስ ልታመጪብን ነው” እላታለሁ።

“አጎቴ፣ እርስዎ በዚያ ድምፅዎ እያባረሯቸው እኔ ካልጮህኩ ማን ይመጣል?”

ሴንግላ ትስቃለች፤ ሳቋ ወዲያው ሳል ይሆናል።

አንድ ቀን ከቺያንግ ማይ ዶክተር ዋራፎን የምትባል ሐኪም መጣችና በመንደሩ ገዳም አዳራሽ ሰበሰበችን። ቀጭን ናት፣ ስታወራ ግን ሰው ታስከነዳለች።

“ሰውነታችሁ ውስጥ ወታደሮች አሉ” አለች። “በሽታ ሲገባ ሰውነት ይጠራቸዋል። ጥሪው ሳይቶካይን ይባላል። ይህ ቫይረስ ወታደሮቹን መግደሉ ሳያንሰው የተረፉትን ያደነቁራቸዋል። ጥሪው ደማችሁ ውስጥ ሞልቷል፤ እነሱ ግን ቆመው አይሰሙም።”

“ታዲያ ጮክ ብላችሁ ጥሯቸዋ!” አልኩ። አዳራሹ ሳቀ።

“ሰውነትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው አባባ፤ ባልሰሙት ቁጥር አብዝቶ ይጠራል። ጆሮው ከተበላሸ ግን ቢጮኹ ምን ያደርግልዎታል? መጀመሪያ ጆሮውን የሚያበላሸውን ማስቆም ነው።”

ልቤ ወደዳት። የእኔኑ ሥራ ነው የምታወራው።

ከየታማሚው ደም ልትወስድ፣ ጥሪውን በብልቃጥ ልትጨምርበት፣ ህዋሶቹ፣ ማለትም ወታደሮቹ፣ ይመልሱ እንደሆነ ልታይ ነው። ቫይረሱን የሚያስቆም ክኒን ይዛለች፣ ግን ጥቂት ነው፤ የሚታደለው በዚህ ምርመራ ነው። ለየትኛው ሰው እንደሚሰጥ አልተናገረችም። እኛም አልጠየቅንም። ፈተና ያለፈ እንደሚሸለም ማን ያጣዋል? መንደሩ በሙሉ ህዋሱ የመለሰለት ክኒን ያገኛል ብሎ ወሰነ።

ደም በሚሰጥበት ቀን እኔ ሌላ መንደር ልጠራ ሄጄ ነበር። ቡዋቶንግ እህቷን በፒክአፕ ወሰደቻት። ማታ ቡዋቶንግ ክንድ ላይ ጥጥ አየሁና “ይኼ ምንድን ነው?” አልኳት። “እኔም ልመርመር ብዬ ነው” አለች። አመንኳት።

ዶክተሯ ውጤት ይዛ ስትመለስ ሴንግላ ከምንጣፏ መነሳት አቅቷት ነበር፤ አዳራሹ የሄድነው እኔና ቡዋቶንግ ነን።

“የሴንግላ ውጤት ደስ ይላል” አለች ዶክተሯ። “ህዋሶቿ ጥሪውን እንደ ጤነኛ ሰው ይሰማሉ። ስለዚህ ከዝናቡ በኋላ የሚመጣውን ክኒን መጠበቅ ትችላለች። ያለንን ክኒን ህዋሶቻቸው ለደነቆሩት ሰጥተናል፤ ዛሬ ጠዋት ጀምረውታል።”

ቡዋቶንግ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችላት።

“የኔ ነው” አለች። “ደሙ የኔ ነው። ስሟን ሲጠሩ ተኝታ ነበር፤ እኔ መጣሁ አልኩ።”

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለኝ። ቤታችን ድረስ መጥታ ከሴንግላ ደም ወሰደች፤ ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ፊቷን አይቼ ገባኝ።

“ጠራናቸው፣ ጥሪውን ጨመርን፣ እንደገና ጠራናቸው” አለች። “መለሱ የሚባል አይደለም።”

“እንግዲያው ክኒኑን ስጫት!” ጮህኩባት።

“ከማን አፍ ላውጣ አባባ? ስሙን ይንገሩኝና ላውጣ።”

ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ለሁሉም ጠርቻለሁ።

ክኒኑ እንደተባለው ከዝናቡ በኋላ መጣ፤ ሴንግላ ግን አልደረሰችበትም። ከመሞቷ በፊት ባለው ሰሞን ቡዋቶንግ ምግብ ተወች። የቤታችን ደረጃ ሥር ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች፣ ሲጠሯት ዞር አትልም። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ።

“አጎቴ፣ ለኔ መጥራቱን ይተዉት” አለችኝ ሴንግላ። “ለሷ ይጥሩላት።”

ትሪውን አዘጋጀሁ። ቡዋቶንግን ጎትቼ ከእህቷ ምንጣፍ አጠገብ አስቀመጥኳት። “ቡዋቶንግ ሆይ፣ ከአዳራሹ ነይ፣ ከብልቃጡ ነይ፣ ወደ ቤትሽ ነይ!” አልኩ። ደግሜ ጠራሁ። ከንፈሯን ነክሳ ዝም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ድምፄን ጠልቼው አላውቅም።

ያን ጊዜ ሴንግላ ክንዷን ከብርድ ልብሱ አወጣች። አጥንት ብቻ ነው። የእህቷን ክንድ ያዘችና በዚያ በቆሰለ አፏ “መጣሁ” አለች።

ክሩን በቡዋቶንግ የእጅ አንጓ ላይ አሰርኩ። ቋጠሮው አልያዘልኝም፤ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።