የባለስለቶች ገጽ

አለቃ መልከ ጼዴቅ ጃናሞራ ውስጥ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር መላእክት ሲሥሉ ከርብራብ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከፍ ብሎ መሥራት ቀርቶባቸዋል። አጥንቱ ገጥሟል፤ እግራቸው ግን መሰላል አይወጣም። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ የለመደ እጅ ደግሞ ዝም ብሎ ጭን ላይ አያርፍም። ስለዚህ ደባርቅ ከቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዋልያውን፣ ጭላዳውን፣ ጅብራ የተባለውን ረጅም የደጋ ተክል በወረቀት ይሥሉ ጀመር። ተቀምጦ የሚሠራ ሥዕል ይኸው ብቻ ነበር። የሚገዛቸው ግን መንገደኛ ቱሪስት ነው፤ እሱም ዝናብ ሲገባ ይጠፋል።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ኮሶዬ ከአንድ ሎጅ ግድግዳ ላይ ሥዕላቸውን ያየች የትናየት የምትባል ሴት ደወለችላቸው። አዲስ አበባ የልጆች መጻሕፍት ታዘጋጃለች። ስለ ስሜን ተራሮች አራዊትና ዕፀዋት የሚታተሙ መጻሕፍት አሉ፤ ሠዓሊውን ኮሚቴ ይመርጣል። «ሥራዎን የምናይበት ድረ ገጽ አለዎት?» ስትላቸው «አለኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት። ሥራው ከተገኘ እስከ ዕለተ ሞታቸው ቀለም ከእጃቸው አይለይም ማለት ነው።

ኀሙስ ጧት መልሳ ደወለች።

«አለቃ፣ ገጹን ከፈትኩት። ለመከፈት ራሱ ስንት ጊዜ ፈጀ። ከዚያ መላእክት፣ ሰማዕታት፣ እንደገና መላእክት። አራዊቱ ያሉት ከሁሉ በታች ነው። ደግሞስ የእርስዎ ስም የት አለ?»

«የኔ ስም?»

«ከየሥዕሉ ሥር ስም አለ፤ የእርስዎ ግን የለም። ከዋልያው ሥር ያርጋል ማዕረግ ይላል። ያርጋል ማነው?»

«ዳባት ያለ ነጋዴ ነው። ለእንግዳ ማረፊያው ከፍሎ ያሣለው እሱ ነዋ፣ ልጄ።»

«አለቃ፣ ያየው ሁሉ ያርጋል ሣለው ነው የሚለው። እባክዎ ዛሬውኑ ያስተካክሉት። አራዊቱ ወደ ላይ ይምጡ፣ የቀረው ይነሣ፣ ስምዎና ስልክዎ ከላይ ይጻፍ። ኮሚቴው ነገ ጧት ይሰበሰባል።»

ይህን ምክር ከአሁን ቀደምም ሰምተውታል። አምና ገጹን የሠራችላቸው ሕሊና፣ ያኔ በከተማው ኢንተርኔት ቤት ትሠራ የነበረችው፣ «ዐሥር ብቻ ይምረጡ» ብላቸው ነበር። «ምርጥ ምርጡን። የሚያይ ሰው ትዕግሥት የለውም፤ ሲበዛበት መልካሙንም ሳያይ ይሄዳል።»

«የማንን ልተው? የወለተ ማርያምን? በስለት ያሣለችው እኮ ነው። እንደቀረች ብትሰማ ትቀየመኛለች።»

«እሺ፣ ስምዎን በትልቁ ከላይ ልጻፈው።»

«ከመልአክ በላይ? ከዚያ ወዲያ በምን ዓይኔ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ?»

«አንቱ፣ የምሠራልዎ ድረ ገጽ ነው ወይስ የማኅበርተኞች ስም መጥሪያ?» ብላ ሣቀች።

በእሳቸው ትምህርት ሥዕል ሲያልቅ ከሥሩ የሚጻፈው ያሣለው ሰው ስም ነው፤ በጸሎት እንዲታሰብ። የሠዓሊውን እጅ እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ እሱ ካወቀው ለሌላ ማስታወቅ ትዕቢት ነው። መምህራቸው እንዲህ አስተምረዋቸው ነበር። ሕሊናም ሥዕሎቹን አንድ ሳታስቀር ጫነች፤ ከየሥሩም የባለቤቱን ስም ጻፈች።

አለቃ የየትናየትን ስልክ እንደዘጉ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ወረዱ። ባለቤቱ ደርቤ ገጹን ከፈተላቸው፤ ሥዕሎቹ ከላይ ወደ ታች እየተጎተቱ መጡ።

«በል፣ ይህን ዋልያ ወደ ላይ አምጣልኝ።»

«አልችልም፣ አለቃ። መክፈቻው ሕሊና ዘንድ ነው፤ ፓስወርዱ። እሷ ደግሞ ከገና ወዲህ ቤይሩት ናት።»

«ይኸው ተከፍቷል አይደለም ወይ?»

«ይህ በመስኮት ማየት ነው። መግባት ሌላ ነው።»

«የራሴ ሥራ እኮ ነው፣ ደርቤ።»

«የራስዎ ነው። እኔም ባንክ ቤት የራሴ ገንዘብ አለኝ፤ መታወቂያ ከረሳሁ ግን ዘበኛው አያውቀኝም።»

ወደ ሕሊና እናት ወደ ስጦታ ደወሉ። «እሑድ ነው የምትገኘው» አለች ስጦታ። «በሌላው ቀን ስልኩን አሠሪዋ ይዛባታለች። እኔስ መች አገኘኋት?»

ደርቤ አዘነላቸው። «እንግዲያው አዲስ እንሥራ» አለና አለቃ ከቤት ያስመጧቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ፎቶ አነሣ። አለቃ መረጡ። መልካም የነበሩትን ሳይቀር ወደ ጎን አደረጉ፤ ሲያደርጉ ያሣሉትን ሰዎች ፊት ለፊት የሚያሳዝኑ ያህል ከበዳቸው። ደርቤ «ከላይ ማን ልበል?» ሲላቸው የመረጧቸውን ወረቀቶች እንደገና ደረደሩ።

«መልከ ጼዴቅ በል» አሉ በመጨረሻ። «በትልቁ ጻፈው።»

ስሙ ተጻፈ። የመጀመሪያው ሥዕል ሲላክ ከገጹ ላይ የምትሽከረከረዋ ክብ ቆመች። ደርቤ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፤ ቴሌ ቢሮ ሄዶ ተመለሰ። «የኢንተርኔቱ መስመር ወደ ጎንደር ላይ ተቆርጧል፤ ስልክ ብቻ ነው የሚሠራው፤ መቼ እንደሚቀጠል አያውቁም» አለ። አለቃ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ከዚያች ክብ ፊት ተቀመጡ። ቀለም ቢደርቅ ውኃ ይጨመርበታል፤ ሸራ ቢቀደድ ይሰፋል። ለዚህ ግን እጃቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ አጡ።

በማግሥቱም ኢንተርኔት አልመጣም። የትናየት የደወለችው አለቃ ደርቤ ዘንድ ተቀምጠው ሳለ ነው።

«ለኮሚቴው ነገርኳቸው፣ አለቃ። የእሳቸው እጅ ነው ብዬ ተከራከርኩ። እነሱ ግን ገጹ የብዙ ሠዓሊዎች ማኅበር ነው፤ እሳቸው ሰብሳቢው ይሆናሉ አሉ። አንድ የባሕር ዳር ልጅ መረጡ። ሁሉም መጻሕፍት ለሱ ተሰጡ።»

«ዋልያውን አዩት?»

«ደጋግመው አዩት። እንዲያውም አንዱ ለሌላ ጊዜ ይሆነናል፣ የያርጋልን ስልክ ፈልጊልን ብሎኛል።»

«ያርጋል ሚዛን እንጂ ብሩሽ ጨብጦ አያውቅም» አሉ አለቃ። ቀጥለውም «የልጁስ እጅ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ደኅና ነው» አለች። ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፣ «ደኅና ብቻ ነው» አለች።

አመስግነዋት ስልኩን ዘጉ።

«ምን አሉ?» አለ ደርቤ።

«ዋልያውን ወደውታል።»

«እንግዲያስ እንኳን ደስ አለዎት።»

አለቃ አላረሙትም። ሊነሡ ጠረጴዛውን ያዙ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነበርና ዳሌያቸው እንቢ አለ፤ ደርቤ እስኪያያቸው ድረስ ተቀምጠው ጠበቁ።