ከዕቃ ቤቱ ሥር ያለችው ቀዳዳ

ቡችላውን ያመጣችው ልጄ ናት። ጥቁር ነው፤ ከጫማዬ ብዙም አይበልጥም።

ሚስቴ እህቷን ከቀበረች ወዲህ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር መነሣት ትታለች። ታማ አይደለም። ሰው ማናገር ጠልታ ነው። እኔም ጨዋታ አላውቅም። ድንጋይ ስጠርብና ግንብ ስገነባ ነው የኖርኩት።

«አባዬ፣ ይሄ ያጫውታታል» አለችኝ ልጄ።

«ውሻ?»

«አንተማ አላጫወትካት!»



በማግሥቱ ቡችላው አንደኛውን ነጠላ ጫማዋን ነጥቆ ወደ ጓሮ ሮጠ። ሚስቴ በመስኮቱ አየችውና ሳቀች። ሳቋን ረስቼው ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቤ አላርፍ አለኝ። ይህ ፍጥረት አንድ ነገር ቢሆን ያ ሳቅ ተመልሶ እንደማይመጣ ገባኝ።

ጓሮዬ ደግሞ የግንበኛ ጓሮ ነው። በሥራ ላይ ሳለሁ ወለል ልኩን መጠበቁን የማየው በሆዴ ተኝቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጓሮውንም እንደዚያ ተኝቼ በቡችላው ቁመት አየሁት። ቆሜ ያላየሁት ሁሉ ታየኝ። አፉ የተከፈተ የኖራ ከረጢት። የዛገ ምስማር። ከአጥሩ ሥር የበተንኩት የአይጥ መርዝ። ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከአጥሩ ማዶ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ወደቁ እንዴ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ተኝተው?»

«አንተስ ቁጭ ብለህ አይደል የምትሠራው?»

ቡችላው መጥቶ ጆሮዬን አሸተተ። ከዚያ ኪሴን፣ ከዚያ የመዶሻዬን እጀታ።

«ይሄስ ፈታሽ ነው!» አለ ሰፊው። ስሙ ፈታሽ ሆኖ ቀረ።

ኖራውን ከፍ አድርጌ ሰቀልኩ። መርዙን ከነአፈሩ ዝቄ አወጣሁ። በርሜሉን ከደንኩ። ሚስቴ የተከለችው አበባው ሮዝ ቀለም ያለው ተክል ቅጠሉ መርዝ ነው ቢሉኝ ከሥሩ ነቀልኩት። በመስኮቱ እያየችኝ ነበር። 

የቀረችው ከዕቃ ቤቱ የእንጨት ወለል ሥር ያለችው ቀዳዳ ናት። ከወዲያ ጥግ የተሰባበረ ጠርሙስ አለ፤ ክንዴ አይደርስበትም። ስሚንቶ አቦካሁና በድንጋይ ልዘጋት ጀመርኩ። ግንበኛ የመጨረሻዋን ድንጋይ ከመክተቱ በፊት እጁን አስገብቶ ይዳብሳል፤ መሣሪያ ተረስቶ እንዳይቀር ነው። እኔም ዳበስኩ። ወፍራም ጓንት አድርጌ ነበር። ለስላሳ ነገር ነካሁ። አሮጌ ጨርቅ መስሎኝ ተውኩት። ዘጋሁ።

አመሻሽ ላይ ሚስቴ በመስኮቱ ተጣራች።

«ፈታሽ የታል?»

ጓሮው ውስጥ የለም። ቤትም የለም።

«በሩን ክፍት ትተኸው ነዋ!»

«አልከፈትኩትም።»

«ታዲያ በረረ?»

ወደ መንገዱ ወጣሁ። ሰፊው መቀሱን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ከየመኪናው ሥር እያጎነበሰ ተጣራ። የለም። ባትሪ ልወስድ ተመለስኩ። ጓንቴ ከባትሪው አጠገብ ነበር። ጫፉ ላይ ከደረቀው ስሚንቶ ጋር አጭር ጥቁር ፀጉር ተጣብቋል።

 መዶሻና መሮ ይዤ ወደ ዘጋኋት ቀዳዳ ሮጥኩ።

በዕድሜዬ የራሴን ግንብ አፍርሼ አላውቅም። ስሚንቶው ገና አልጠነከረም ነበር። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ድምፅ የለም። ድንገት ከኋላዬ ብርሃን መጣ። ዞር ስል ሚስቴ ባትሪውን ይዛ ቆማለች። አንድ እግሯ በነጠላ ጫማ፣ አንዱ ባዶውን።

«ቀስ በል፣ ድንጋዩ እንዳይወድቅበት።»

«ግንብ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ዛሬማ ሳያስፈልግህ አይቀርም።»

ሁለተኛው ድንጋይ ሲወጣ አፍንጫ ብቅ አለ። አቧራ ለብሶ ነጭ ሆኗል። አስነጠሰ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን ተዘግቷል። ሲጣራ ውሎ ኖሯል። ግንቡ ድምፁን አፍኖታል፤ የእኔም ጆሮ ከብዷል።

ሚስቴ ደረቷ ላይ ለጥፋው አፈር ላይ ተቀመጠች። «የኔ ጌታ፣ እኚህ ሽማግሌ ናቸው የቀበሩህ? እኚህ ናቸው?» ትለዋለች። እኔ ክንዴን ወደ ቀዳዳዋ ሰድጄ የጠፋውን ነጠላ ጫማዋን አወጣሁ። እግሯን ጠርጌ አደረግኩላት።

በነጋታው የዕቃ ቤቱን ሳንቃ አንሥቼ ጠርሙሱን ለቀምኩ። መሬቱን አሸዋ አለበስኩት። ቀዳዳዋን አልዘጋሁም፤ በትናንሽ ድንጋይ ቅስት ያለው በር ሠራሁላት። ሚስቴ ወንበሯን ጓሮ አውጥታ፣ ፈታሽን ታቅፋ ትቆጣጠረኛለች።

«ለኔ ኩሽና እንዲህ ያለ በር ሠርተህ አታውቅም።»

«አንቺን ይሄ በር አያስገባሽም።»

ሳቀች። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«በግራ በኩል ዘሟል።»

በሆዴ ተኝቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት። አልዘመመም።

አፈረስኩና እንደገና ጀመርኩት።