አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ምንም እንከን የለም

አባቷ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሃያ አንድ ሪፖርት ልኳል፤ ሃያ አንዱም ቃል በቃል አንድ ነው። «ምንም እንከን የለም። በርቱ።»

መኪናው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ልጅቷ የቢሮዋን ኮምፒውተር ከፍታ መኪናው ራሱ የላከውን መዝገብ ስታይ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር በቀን በአማካይ አርባ ጊዜ ይጮኻል። ከሌሎቹ ሃምሳ ዘጠኝ መኪኖች በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ የሚጮኽ አንድም የለም።

የሚጮኸው እሷ የሠራችው ሶፍትዌር ነው። ከመሪው ጀርባ የተገጠመች አንዲት ትንሽ ካሜራ የሾፌሩን ዓይን ትከተላለች፤ ዓይኑ ከመንገዱ ከሸሸ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈው ሳጥን «እባክዎ፣ ወደ ፊት ይመልከቱ» ይላል። ዕቃው ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ስልሳ ተራ ሰዎች በገዛ መኪናቸው አስገጥመው እንዲሞክሩት ተደርጓል። አዋላጅ ነርስ አለች፣ ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ የሒሳብ መምህር አለ። ሰዎቹ እንደ ወትሯቸው ይነዳሉ። የማይጥማቸው ነገር ሲገጥማቸው መሪው ላይ ያለችውን ቀይ አዝራር ተጭነው ይናገራሉ፤ ማታ ደግሞ በስልካቸው አንድ መስመር ይጽፋሉ። አሥራ ሰባተኛው ሰው ሲጎድል አባቷን ያስገባችው እሷው ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው እስኪገኝ መጠበቅ ደግሞ የእሷ ነገር አይደለም።

የሳጥኑ ድምፅም የእሷ ነው። ደህና አንባቢ እስኪቀጠር ለጊዜው ተብሎ፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዕቃ ቤት ገብታ፣ ምሳዋን ሳትበላ፣ በአንድ ትንፋሽ ቀድታ የወጣችው ነው።

አለቃዋ ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ሠራተኛው ከጀርባው «መቼ» ይለዋል፤ ከዚያች ቃል ውጪ ዓረፍተ ነገር መጀመር አይችልም።

«መቼ ነው ይሄ አሥራ ሰባት ቁጥር የሚፈታው?»

«እያየሁት ነው።»

«ስታይው ሳምንት አለፈ። ነገ ዓርብ ነው፤ ቀትር ላይ ዕቃው ይውጣ ወይም አይውጣ ማለት አለብን። ወይ ሶፍትዌሩ ታሟል፣ ወይ ሰውየው አርጅቷል። ሃምሳ ዘጠኙ ደህና ከሆኑ...» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ መሆናቸውን አውቃለሁ። በጆሮሽ የምነግርሽም ለዚያ ነው። ደንቡን የጻፍሽው ግን አንቺ ነሽ፤ በቀን ከሃያ ጊዜ በላይ ያስጮኸ ሾፌር፣ የመንዳት ብቃቱ እንዲጣራና እስኪጣራ ቁልፍ እንዳይጨብጥ ለቤተሰቡ ይነገር ይላል። ቤተሰቡ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያው ንገሪያቸው።»

መናገሩ ቀላል ነው፤ አፍ እንደሆነ ዳገት አይፈራም። ግን አባቷ ጡረታ በወጣ ማግስት ያላትን አልረሳችም። «መሪ ካልጨበጥኩ እጄን የት ላድርገው? ኪሴ ውስጥ?» ብሏት ነበር። ያቺን አሮጌ መኪና የገዛትም እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ እንጂ የሚሄድበት ኖሮት አልነበረም።

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከመዝገቡ ጋር አፍጥጦ መዋል ሰለቻት፤ ዓይን ካላየ ልብ አያምንም።

እናቷ በሩን የከፈተችላት አመመኝ የምትለውን ጉልበቷን በአንድ እጇ ይዛ ነው።

«መጣሽ? ባሌን የቀማሽኝ።»

«ደግሞ ምን አደረግኩሽ?»

«ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ያ ሳጥንሽ ግን ገና አፉን ሲከፍት፣ ‹እሺ የኔ እናት፣ እሺ የኔ እናት› ነው። ባለፈው ጉልበቴን ለማሳየት ሲወስደኝ፣ እኔ እያቃሰትኩ እሱ ከሳጥን ጋር ይጫወታል።»

«ሳጥኑ ይቆጣል እንጂ አይነዘንዝም» አለ አባቷ ከጓሮ። መኪናዋን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ልጁን ሲያይ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «በሥራ ቀን? ደህና ነሽ? አባረሩሽ እንዴ?»

«አላባረሩኝም። ካንተ ጋር ዞር ዞር ልል ነው።»

«ዳቦ ይዛችሁ ኑ!» አለች እናቷ።

አባቷ መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት አራቱንም ጎማ በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገ። ገባ፣ ወንበሩን አመቻቸ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ የሷንም ቀበቶ ጎተት አድርጎ ፈተሸ። ማርሽ ሲያስገባ መኪናዋ አልተንገጫገጨችም። ይህ ሰው አርጅቷል የሚል ሰው፣ አለች በልቧ፣ መጀመሪያ አለቃዬን፣ መቼን፣ ሲነዳ ይየው።

ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ሳይሄዱ ሳጥኑ ጮኸ። «እባክዎ፣ ወደ ፊት ይመልከቱ።»

የገዛ ድምፅዋን ስትሰማ አፈረች። ድመት ከወጥ ቤት እንደሚያባርር ሰው ነው የምትናገረው።

«እሺ የኔ እናት» አለ አባቷ።

«አባዬ፣ እኔ እዚህ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ያቺኛዋን ነው። እሷ ‹እርስዎ› ትለኛለች፤ አንቺ እንኳ ብለሽኝ አታውቂም።»

ከዚያ በኋላ ዓይኑን ተከተለች። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ ከዚያ የቀኝ ስፖኪዮ፤ ከዚያ መንገድ፤ ከዚያ ከግንባሩ በላይ የተንጠለጠለው የውስጥ ስፖኪዮ። እዚያ ላይ ሲደርስ ቆየት ይላል፣ አንድ፣ ሁለት እስኪቆጠር። ሳጥኑ ይጮኻል። «እሺ የኔ እናት።» አምስት ሰከንድ ሳይሞላ ደግሞ እንደገና።

«አባዬ፣ ኋላ ማን አለ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ታያለህ?»

የሚጠየቅ ነገር ነው እንዴ በሚል ፊት አያት። «አውቶቡስ ላይ ሰማንያ ሰው ከኋላዬ ይቆማል። ፍሬን ከመርገጤ በፊት ማን ሕፃን እንዳዘለ፣ ማን ብረት እንዳልያዘ፣ የትኛዋ አሮጊት ወንበር እንዳጣች ማወቅ አለብኝ። አሮጊት ቆማ ፍሬን የሚደፍቅ፣ እሱ ሾፌር አይደለም፣ ጆንያ አመላላሽ ነው።»

«አሁን እኮ ሰው የለም።»

«ዓይኔ ጡረታ መውጣቱን አልሰማም።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሳጥኑን የሚያስጮኸውን የአንድ ሰከንድ ገደብ ከየት እንዳመጣችው ታውቃለች። ስፖኪዮ ላይ ከአንድ ሰከንድ በላይ የቆየ ዓይን ተዘናግቷል የሚለውን ሕግ ያወጣችው በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን ለክታ ነው። ሁሉም ከሠላሳ ዓመት በታች ናቸው፤ የውስጥ ስፖኪዮ የሚያዩት ፀጉራቸውን ሲያስተካክሉ ብቻ ነው። የሚበቃ መስሏት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ይበቃ አይበቃ ብላም አልጠየቀች፤ መጨረስ ፈልጋ ነበር።

«ይሄን ሁሉ ሲጮኽብህ ቀዩን አዝራር ለምን አልተጫንክም? ማታ ማታስ ‹እንከን የለም› እያልክ የምትጽፈው ለምንድን ነው?»

«ዳቦ ቤቱ ደረሰ» አለ አባቷ። ከወሬ ሲያመልጥ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይደርስለታል።

የቀኝ ፍሬቻ አሳየ። ዓይኑ ወደ ቀኝ ስፖኪዮ ሄደ፣ እዚያም ቆየ።

«እባክዎ፣ ወደ ፊት ይመልከቱ።»

«እሺ የኔ...» ዓይኑ እንደ ታዘዘው ወደ ፊት ተመለሰ፤ እጁ ግን መሪውን ወደ ቀኝ ማዞሩን ቀጠለ።

የመኪናው ጎን ኳ አለ። ፍሬኑን ረገጠ። አንዲት ብስክሌት ላይ ያለች ሴት በመኪናውና በእግረኛው መንገድ ጠርዝ መካከል ተጣብቃ፣ አንድ እግሯን መሬት ላይ ተክላ፣ በመዳፏ ጣራውን ትደበድባለች።

«ዓይን የለዎትም እንዴ፣ አባት!»

አባቷ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ ልጄ። ተጎዳሽ?»

ሴትዮዋ አልተጎዳችም። ጉርድ ቀሚሷን አራገፈች፣ ሁለቱንም በየተራ ገላመጠች፣ እያጉረመረመች ሄደች።

አባቷ ሞተሩን አጠፋ። ሁለት እጆቹ ግን መሪው ላይ ናቸው። «ሠላሳ አንድ ዓመት» አለ፣ «ሰው ነክቼ አላውቅም።»

«እንዴት አላየሃትም?»

«እያየኋት ነበር እኮ! ከማደያው ጀምሮ አይቻታለሁ፣ ቀይ ቆብ ያደረገች። የት እንደ ደረሰች ላይ ስል ወደ ፊት ተመልከት አልሽኝ። ተመለከትኩ።»

ልጅቷ ዞራ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ሳጥን አየችው።

«መጀመሪያ ሳምንት ላይ በቀን ስልሳ ጊዜ ነበር የምትጮኸው» ብሎ ቀጠለ አባቷ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ተማሪ። «አሁን ወደ ሃያ አምስት ሠላሳ አወረድኩት። እየለመድኩ ነው። ትንሽ ጊዜ ቢሰጡኝ ጨርሶ እተወዋለሁ።»

«ምኑን ነው የምትተወው?»

«ስፖኪዮ ማየቱን ነዋ።»

ቁጥሩ መውረዱን መዝገቡ ላይ አይታ ነበር። ሾፌሩ እየተሻሻለ ነው ብላ አልፋዋለች።

«አባዬ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ልማዷ ሳይሆን። «ለምን አልነገርከኝም?»

«እንከን አለው ብዬ ብጽፍ የሚቆጡት ማንን ነው? አንቺን አይደል? ልጄ የሠራችውን ዕቃ እኔ ላጣጥል? ሰው ‹አባቷ እንኳ አልወደደላትም› ቢልስ? ሳጥኑ ከሚስተካከል እኔ ብስተካከል ይቀላል ብዬ ነው።»

«አይቀልም! ያንተ ዓይን ነው ልክ፤ የተበላሸችው እኔ ነኝ... እሷ ናት... ሳጥኗ!» ቀይዋን አዝራር በጣቷ አሳየችው። «ተጫን። አሁን። የሆነውን ሁሉ ተናገር። ካልተናገርክ ነገ ቁልፍህን የምትቀማህ እኔ ነኝ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው፣ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።»

አባቷ ቁልፉን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ተጫነ።

«እ... ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ዋላችሁ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? አሥራ ሰባት ቁጥር ነኝ። ሥራችሁ በጣም...»

«አባዬ፣ ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ነው የሚቀዳው!»

«ቆይ እንጂ፣ ሰላምታ ሳይቀድም ስሞታ አለ?» ወደ አዝራሩ ጎንበስ አለ። «ልጅቷ ጎበዝ ናት። ስለ ጉብዝናዋ ክርክር የለኝም። ግን ስፖኪዮ ማየትና መዘናጋት ተምታቶባታል። ስፖኪዮ የማያይ ሾፌር ዕውር ነው። ዛሬ በዚህ ምክንያት የሰው ልጅ ልገጭ...» የአዝራሯ መብራት ጠፋ።

«አልጨረስኩም!»

«ድገመው።»

ሁለተኛ ተጫነ። ሦስተኛም ተጫነ። አራተኛው ላይ ድምፁ ወፍራም ሆነ፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰውን «ወደ ውስጥ ገባ ገባ በሉ» የሚልበት ድምፁ ነበር። ዳቦውን ረስተውት ተመለሱ፤ እናቷ የተናገረችውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ዓርብ ቀትር ላይ አራቱን ቅጂዎች ለስብሰባው አሰማች። ሰላምታው ላይ ሰው ሳቀ፤ ብስክሌቷ ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆመ።

«አሥራ ሰባት ቁጥር ጤነኛ ነው» አለች። «የታመመው ገደቡ ነው፤ ገደቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ሰው ለክቼ ለዓለም ሁሉ ፈረድኩ። እንዲህ ሆኖ ከወጣ ጥሩ ሾፌሮችን መጥፎ ያደርጋል፤ አንዱን ጀምሮት ነበር።»

አለቃዋ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። «መቼ ይስተካከላል?»

«በስድስት ሳምንት። አውቶቡስ፣ ታክሲና አምቡላንስ የሚነዱ ሰዎች ዓይን መለካት አለበት። እስከዚያ ግን የስልሳውም መኪና ጩኸት ይጥፋ፤ ካሜራውና ቀዩ አዝራር ብቻ ይቅሩ። ጩኸቱ የሚመለሰው ሲስተካከል ነው።»

«ስድስት? አንቺ ነሽ ስድስት ሳምንት የምትይኝ?» ደግሞ ደጋግሞ አያት፣ እየቀለደች ወይም አሟት እንደሆነ ለመለየት። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ «አይወጣም» ብሎ ጻፈና፣ ከሥሩ «ስድስት ሳምንት» ብሎ በቀለበት ከበበው። በደንቡ መሠረት ለቤተሰብ ሊላክ ተዘጋጅቶ የነበረውን ደብዳቤም ከነፖስታው ሰጣት። እሷ ቀዳደደችው።

ያኔ ያላሰበችው አንድ ነገር፣ አባቷ አንዴ አፉን ከከፈተ የሚዘጋው አለመኖሩን ነው። ጩኸቱ ተስተካክሎ በተመለሰ በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥራ ሰባት ቁጥር ብቻ ዘጠና አራት ስሞታ ገባ። ካሜራዋ መነጽር ሲያደርግ ታፈጥበታለች። ዝናብ ሲዘንብ ሳጥኗ ለምን ዝም ትላለች? አዝራሯ ቀይ ከምትሆን አረንጓዴ ብትሆን፣ ቀይ ሰው ያስደነግጣል። አንዱ ቅጂ ላይ ከኋላ ወንበር የእናቷ ድምፅ ይሰማል፦ «ጉልበቴንም ንገራቸው!» ስፖኪዮ በማየቱ ግን ሳጥኑ አንድ ጊዜም አልጮኸበትም።

አለቃዋ መቼ ዘጠና አራተኛውን ስሞታ ራሱ አንብቦ አስተላለፈላት። «ይሄኛው ያንቺ ክፍል ነው» ብሎ ከሥሩ ጽፎበታል። የአባቷ ስሞታ እንዲህ ይላል፦

«የልጅቷ ድምፅ ምሳ ያልበላ ሰው ድምፅ ነው። ይጣራ።»

ልጅቷ ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ከጠዋት ጀምሮ ከወንበሯ አልተነሣችም። «ውጤት» በሚለው ሣጥን ውስጥ «ተረጋግጧል» ብላ ጻፈች፤ ኮምፒውተሯን ዘጋችና ምሳ ፍለጋ ወጣች።