የማይቦካው ቤት

በ1980 ዓ.ም. መስከረም ላይ መሪጌታ አካለ ወልድ ከሞጣ በጭነት መኪና ተጭነው ቢቸና ጤና ጣቢያ መጡ። እሾህ የወጋው እግራቸው እስከ ጉልበት መግሏል። ፔኒሲሊን አልበገረውም፤ የተሻለው መድኃኒት ሁሉ ወደ ጦር ግንባር ሄዷል። ይቆረጥ ቢባሉ፣ “በአንድ እግር ማሕሌት አልቆምም” አሉ።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ኃይለ ሚካኤል የእንቁራሪት ቆዳ ጀርም የሚገድል ነገር እንደሚያመነጭ ያንኑ ሰሞን አንብቦ ነበር። ከረግረጉ እንቁራሪቶች ይዞ ቆዳቸውን አጠበ፤ እጣቢውን ከመሪጌታ መግል አውጥቶ ሳህን ላይ ባራባው ጀርም ላይ ጠብ ጠብ አደረገ። በማግስቱ ጠብታው ያረፈበት ሁሉ ጠርቶ አገኘው። በራሱ ደም ሲሞክረው ግን ደሙም ሟሟ። እያሞቀ፣ እያቀጠነ፣ ጨው እየጨመረ ቆይቶ በመጨረሻ ደሙን የሚምር አንድ ጠርሙስ ወጣለት።

“ሰው ላይ አልተሞከረም፣ የኔታ።”

“እኔስ ሰው አይደለሁ? ሞክረው።”

እግራቸውን በመድኃኒቱ እያጠበ ሰነበተ፤ ቁስሉ ደረቀ፤ ግማቱም ጠፋ። መሪጌታ በእግራቸው ተራምደው መኪና ላይ ወጡ።

ኅዳር ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩአየሁ ብቻቸውን መጡ።

“ልጄ፣ እግራቸውስ ድኗል” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ግን ከገቡ ወዲህ ቤቴ ሊጥ አይቦካም። ጥንስስ አይፈላም። ያንኑ ሊጥ ጎረቤት ስወስደው ኩፍ ይላል።”

“እሳቸውስ?”

“ይበላሉ፤ ይከሳሉ።”

አብሯቸው ሞጣ ወረደ። ጓሮው ውስጥ የሞተች ድመት የተኛች መስላ ተጋድማለች፤ ከሞተች ሰንብታለች፣ ግን አትሸትም። ኃይለ ሚካኤል ጠጋ ብሎ ነካ አደረጋት፤ ጉንዳን እንኳ አልነካትም። እጁን በነጠላው ጠረገ።

መሪጌታ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል።

“እግሬን መለስክልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ” አሉት። “ግን አፈር የምትቀበለኝ አይመስለኝም።”

ያን ጊዜ ገባው። መድኃኒቱ ደሙን ከጀርም ለይቷል፤ ክፉውን ጀርም ሊጥ ከሚያቦካው፣ ሆድ ውስጥ እህል ከሚያፈጨው ከደጉ ግን አልለየም፤ ከሰውነታቸውም እየወጣ ቤቱን ሞልቶታል። ከጎረቤት እርሾ አስመጥቶ በውሃ በጥብጦ አጠጣቸው፤ ጠዋት ጠዋት እንዲጠጡም አዘዘ። ብዙ ጊዜ ለውጥ አልታየም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወይዘሮ ጥሩአየሁ በመንገደኛ ላኩበት፤ የመሪጌታ ሰውነት መለስ ብሏል፣ ሊጡም ትንሽ ትንሽ ይነሣል።

ኃይለ ሚካኤል ቢቸና ላቦራቶሪው ውስጥ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ሊደፋው አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ደጅ ላይ እግሩ የመገለ ወታደር ይጠብቃል። ከጀርሙና ከደሙ ሳህን ጎን ሦስተኛ ሳህን አኖረ፤ እርሾ ጨመረበትና መድኃኒቱን እንደገና ማቅጠን ጀመረ።