በነጻ የመጣው ዘበኛ

ሰፈሩ ምላጭ የሚላት ስለ ምላሷ ነው፤ እጇ ግን ከምላሷም ይሰላል። የሞባይል ጥገና ያስተማራት ሰው የለም። የሞቱ ስልኮችን ገነጣጥላ፣ ገጣጥማ፣ አበላሽታ፣ እንደገና ገጣጥማ ለብቻዋ ያወጣችው ሙያ ነው። ዛሬ ከጫማ ሱቁና ከፎቶ ቤቱ መሃል የተሸጎጠችው ጠባብ ሱቅ የራሷ ናት። ደንበኛ ሲነዘንዛት «እኔ የምጠግነው ስልኩን ነው፤ ባለቤቱን አይደለም» ትላለች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የታላቅ ወንድሟ ሚስት መጣች። ከተዳረች ዓመታት ቢያልፉም ቤተሰቡ እስካሁን ሙሽሪት ነው የሚላት። ከምትሠራበት የደንብ ልብስ ስፌት አስፈቅዳ ስለወጣች ትከሻዋ ላይ ቁርጥራጭ ክር ተጣብቋል። ስልኳን የባንኮኒው መስታወት ላይ አኖረችና ወንበር ሳትስብ ቆመች።

«እስቲ ይሄን እይልኝ። ወንድምሽ ነው የጫነልኝ። ዘንድሮ በስልክ የሚሰልል በዝቷል፣ ይሄ ይጠብቅሽ ብሎ። በነጻ ነው አለኝ። የሚታመን ነው?»

«ምን ታየሽና ጠረጠርሽው?»

«እኔማ የጠረጠርኩት ድምቡሼን ነው።»

ድምቡሼ ስፌት መኪናዋን ከሙሽሪት አጠገብ ያደረገች ጓደኛዋ ናት። ምላጭም ታውቃታለች፤ ስትስቅ ወንበሩ አብሯት የሚስቅ ሴት።

«ከእሷ ጋ ያወራሁትን ሁሉ ቤት ስገባ ባሌ ያውቀዋል» አለች ሙሽሪት። «እናቴ ጋ ጎራ ማለቴን፣ እሱን ያማሁትን ሳይቀር፣ ቃል በቃል። ከእሷ ሌላ ማን ይነግረዋል? ከተኳረፍን ሰነበትን። ዛሬ ከሥራ ሳንወጣ አለቃችንን ሌላ ክፍል አዛውሩኝ ልለው ነው። እሷ ግን እያለቀሰች ማለችልኝ። ምናልባት ስልክሽ ላይ ሰላይ ይኖራል፣ አስመርምሪው አለችኝ። እኔም ይሄን ከፍቼ አየሁት፤ ንጹህ ነው ይላል። እንግዲህ ዋሽታለች ማለት ነው።»

ምላጭ ስልኩን አነሳች። አረንጓዴ ጋሻ አለ፤ ከሥሩ «ስልክዎ ንጹህ ነው» የሚል ጽሑፍ።

«ሌባ ገብቷል ወይ ብለሽ የጠየቅሽው ራሱን ነው። ሌባው እሱ ቢሆን አዎ ነኝ ሊልሽ ኖሯል?»

ሙሽሪት ጎንበስ ብላ ጋሻውን እንደገና አየችው።

«በነጻ ስለሆነ ብቻ አልጠላውም» አለች ምላጭ። «በነጻ የሚሰጡ ደህና ሰዎች አሉ፤ እኔም ለደንበኛ እጭናለሁ። ግን ስማቸው ይታወቃል፣ ሥራቸውን ሌላ ሰው ፈትሾታል። ዘበኛ ስትቀጥሪ ተያዥ ትጠይቂ የለ? የዚህ ተያዡ ማነው?»

ፈለገች። የሠሪው ስም የለም፤ አድራሻ የለም። የወረደውም አፕ ከሚወርድበት ከመደበኛው ቦታ ሳይሆን፣ በመልዕክት ከተላከ ሊንክ ነው።

ከመሳቢያዋ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ አወጣች። ከአንድ ደንበኛ ስልክ ላይ ያገኘችውንና ማንኛውም ደህና መጠበቂያ የሚለየውን የታወቀ የስለላ አፕ ጫነችበት። አረንጓዴውን ጋሻም በዚያው ሊንክ አወረደችና ጎን ለጎን አስቀመጠችው።

«አሁን ይሄ ስልክ ተባይ የወረረው ቤት ነው። ዘበኛሽ ዓይን ካለው ይጮሃል።»

ጋሻው ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። «ስልክዎ ንጹህ ነው።»

«ለዝንጀሮ እሸት አስጠብቀሻል፣ የኔ እህት» አለች ምላጭ። ወደ ሙሽሪት ስልክ ተመለሰችና አፑ የተሰጠውን ፈቃድ ከፈተች። ማይክ፣ መልዕክት፣ ካሜራ፣ ያለችበት ቦታ። «ሰላይ ፈላጊ ማይክ ምን ያደርግለታል? ሰላዩን በሳሉ ሊለየው ነው?»

ማይኩን አጠፋችው። መልዕክት ማንበቢያውን አጠፋችው። ካሜራው ላይ ስትደርስ የራሷ ስልክ ጠራ። ወንድሟ ነው። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ስፒከሩን ከፈተችው።

«እህትዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ሥራ እንዴት ነው?»

«አለን፣ ጋሼ።»

«እንዲያው… ሙሽሪት ስልክ ላይ ያለውን መጠበቂያ አትነካኪው። ጥሩ ነገር ነው፤ አጣርቼ ነው የጫንኩት።»

«እዚህ መሆኗን ማን ነገረህ?»

«ገመትኩ።»

«ማይኩን ማጥፋቴንም ገመትከው?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ትመነዝሪያለሽ። ሚስቴ አይደለችም እንዴ? ለራሷ ብዬ ነው። በቃ መጣሁ፣ ጠብቁኝ» አለና ዘጋው።

ምላጭን የቀፈፋት ውሸቱ አልነበረም፤ የለዘበው ድምፁ ነበር። እናታቸው ቤት ሲሰበሰቡ እሱ ሁልጊዜ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ጥግ ይይዛል። ብቻውን ፈገግ ይላል። ምን ትሰማለህ ሲሉት «ኳስ» ይላል። ሙሽሪት ጓዳ ሆና በስልክ ከእናቷ ጋ ታወራ ነበር። እሱ እዚያው ተቀምጦ የሚስቱን ሹክሹክታ እንደ ከረሜላ ይመጠው ኖሯል። ከዚህ ሰው ጋር ስንቴ ከአንድ ሰሃን በልታለች።

ሙሽሪት አሁን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ድምቡሼ አልነገረችውም» አለች ቀስ ብላ። «ስትምልልኝ ሳቅሁባት እኮ። ጋሻ የሳለውን አምኜ የምታለቅሰውን ሰው ሳቅሁባት።»

«አፑን ልንቀለው?»

«ተይው። ስልኩ አንቺው ጋ ይዋል።» ተነሳች። «ከሥራ ሳትወጣ ልድረስባት። ይቅር ካላለችኝም ፊት ለፊት ትስደበኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እናቴ ጋ። ቤት የምገባ አይመስለኝም።» ከትከሻዋ ላይ ክሩን ሳታራግፍ ወጣች።

የምላጭ ወንድም እንደ ልማዱ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ይዞ ደረሰ፤ አንዱ ለእህቱ፣ አንዱ ለሚስቱ። ዓይኑ ሱቁን ዞረ። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥርም አየ። ከዚያ የራሱን ስልክ አውጥቶ ወደ እህቱ አዞረው፤ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

«እዚህ ነች ይላል» አለ።

ምላጭ የሙሽሪትን ስልክ በጨርቅ ይዛ ወደ እሱ ገፋችው። «ይቺው ናት። ተረከብ።»

ፊቱ ቀላ፤ ወዲያው ግን ያ ፈገግታ ተመለሰ። «ምን እንዲህ አከበዳችሁት? በነጻ እኮ ነው። ሳንቲም አላወጣሁበትም።»

የተጠየቀው ወጪው የመሰለው ይኼ ሰው የእናቷ ልጅ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ሲባል ትሰማ ነበር፤ እንዲህ ያስጠላል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

«ለእናታችን አንተ ከመንገርህ በፊት እኔ እነግራታለሁ» አለችው። «ሙሽሪት ክፉ ጓደኛ ይዛለች እያልክ እናታችን ቤት ያስነቀነቅኸንን ራስ ሁሉ አንድ በአንድ እመልሰዋለሁ። የኔንም ጭምር። ለስላሳህንም ውሰድ።»

«የት ሄደች?»

«ስታገኛት ጠይቃት።»

ጠርሙሶቹ መስታወቱ ላይ ውሃ አቁረዋል። እሱ አልሰማትም፤ ጣቱን ካርታው ላይ አድርጎ ነጥቧ እንድትንቀሳቀስ ይጠብቅ ነበር።